ጥቁር ሰማያዊው ቁምሳጥን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለማንም የማልናገረውን ለራሴ ልጻፈው። ዛሬ የባሌን ሱሪ ለብሼ ቢሮ ዋልኩ።

አዎ፣ የባሌን። ጠዋት መብራት አልነበረም። ቁምሳጥኑን ከፍቼ እጄ የነካውን ጥቁር ነገር ሳብኩ፣ ቀበቶ አጠበቅኩበት፣ ሮጥኩ። መቼ አወቅኩ? ስብሰባ ላይ! የመጽሔታችን አዘጋጅ ስለሚቀጥለው እትም ስታወራ እኔም ኮራ ብዬ እጄን ኪሴ ብከት... የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅና የሱቅ ቁልፍ። ባሌ የመነጽር ሱቅ አለው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ሱሪዬን አይተሽዋል? ቁልፉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል።»

በሰው ፊት ምን ልበለው? «መጣሁ» ብዬ ዘጋሁና ሱቁ ድረስ ሮጥኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሰውዬው ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን...

«ለአንቺ ይሻላል» አለኝ።

ይህችው ናት እንግዲህ በየእትሙ በአለባበስ ዓምዷ ብቅ እያለች «እህቶቼ፣ ዛሬስ ምን እንልበስ?» የምትለው። እህቶቿ ባዩዋት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቆረጥኩ። ከእንግዲህ አንድ ቀለም ብቻ። ጥቁር ሰማያዊ። እድፍ አያሳብቅም፣ ከማንም ጋር አይጣላም። ጥቂት ልብስ፣ ሁሉም ከሁሉም የሚሄድ። ጠዋት ማሰብ ቀረ፤ እጅ የነካውን መልበስ ነው። (የራሴን እስከሆነ ድረስ።)

አዘጋጇ ወደደችው። «ራስሽ ላይ ሞክሪውና ጻፊው። ሲያልቅ ፎቶ እናነሳሻለን።»

እማዬ ግን ሳቀችብኝ። «አንድ ቀለም? የባንክ ዘበኛ ልትሆኚ ነው?»

እማዬ አባዬ ካረፈ ወዲህ ከእኛ ጋር ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ዛሬም የቤቱ ስልክ ሲጮህ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ብላ ነው የምታነሳው። የምታገናኘው ደግሞ ወይ እኔን ወይ ባሌን። እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት። ስኳር ከልክያታለሁ፣ ከባድ ነገር አታነሳም፣ ብቻዋን ሩቅ አትሄድም። ምን ጎደላት?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ቁምሳጥኑን አራገፍን። አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ አበባ ያለበት፣ አበባ የሌለበት... ለምን እንደገዛሁት የማላውቀው ሁሉ ወደ ማዳበሪያ ገባ። ባሌ ሳይጠየቅ ተሸክሞ ለበጎ አድራጎቱ ቤት ወሰደው። ሳይጠየቅ! እሱ እኮ የቆሻሻ ባልዲ ለማውጣት እንኳ ሦስቴ የሚለመን ሰው ነው።

ቢጫ ቀሚሴን ስከተው እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«እሷንስ ተያት።»

«አልለብሳትም እኮ።»

«ባትለብሻትም። ቤት ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ይኑር።»

ጥግ ላይ ሰቀልናት። ከዚያ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ እምልሽ... ሥራ ነገር ብጀምርስ?» አለች። ደግሞ ጀመራት! ይኼን ነገር ስታነሳ ስንተኛዋ ነው?

«እማዬ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አንቺ ልትሠሪ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ግድግዳው ግን ምንም አይለኝም።»

ሳቅሁ። እሷም የሳቀች መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «ቀጠሮ» ነው የሚለው፤ «ነገ ነይ» ሳይል ውሎ ስለማያውቅ። ጨርቁን ግን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ሁሉም ከአንድ ጥቅል እንዲቆረጥ። ምክንያቱም ሁለት ጥቅል አንድ ዓይነት ቀለም ቢባልም አይገጥምም። ማቅለሚያው በየጊዜው ይለያያል፤ አንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ። ከዓመታት በፊት በአንድ ኮትና ሱሪ ተቃጥዬ የተማርኩት ነው።

ለልኬት ጊዜ የለኝም፤ ጽሑፍ ማስረከቢያ ደርሷል። እማዬን ላክኋት። ልካችን ያው ነው። «ቀጠሮ»ም «እሳቸው ከለበሱት አንቺም ለበስሽው ማለት ነው» ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አለቀ! ሁለት ጉርድ ቀሚስ፣ ሁለት ኮት፣ ሱሪዎች፣ ሸሚዞች፣ ካፖርት። ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ። ቁምሳጥኑን ስከፍተው የማታ ሰማይ ያየሁ መሰለኝ። ጥጉ ላይ ቢጫዋ ብቻ እንደ ጨረቃ...

ዓይኔን ጨፍኜ ለበስኩ። ያምራል። ጽሑፌንም ጀመርኩ፦ «እህቶቼ፣ የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ዛሬ የቱን እንደለበሳችሁ ማንም አለማወቁ ነው።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ባሌ ማታ ወደ ኩሽና ሲገባ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉንፋን ይሆን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጉንፋን አይደለም። ዛሬ እቃ እያጠብኩ ከኋላዬ መጣ። ድሮ ቢሆን ወገቤን ይዞ «ሆዴ» ይላል። ዛሬ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመና...

«አንቺ ነሽ?»

«ማን ልሆንልህ ነበር?»

ጆሮው ቀላ። ውሃ ጠጥቶ ወጣ። እማዬ ማዕድ ቤት ጥግ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ማን ልሆንለት ነበር?

እሑድ፣ ኅዳር 8

ፍራፍሬ ሻጯ ዛሬ አኮረፈችኝ። ይቺ ሴትዮ ወሬ ከሙዝ ጋር መርቃ ነው የምትሰጠው፤ ዝም ስትል ያስፈራል።

«ምን በደልኩሽ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት በፊቴ ስታልፊ 'እንዴት ዋልሽ' ብልሽ ዞር እንኳ ሳትዪ ሄድሽ። ከነባልሽ።»

ማክሰኞ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ነበርኩ።

«እኔን ነው?»

«በዚህ በዘበኛ ልብስሽ! አንድ ሰፈር ውስጥ ስንት አለ?»

የሙዙን ሳልከፍል ልሄድ ስል ጠራችኝ። ቤት ገብቼ ኮቶቼን አወረድኩ። የአንደኛው እጅጌ ስለት እስኪመስል ተተኩሷል። እኔ እጅጌ እንዲህ አልተኩስም፤ ትዕግሥቱም የለኝ። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የስኳር ፓኬት፣ ሆቴል ከሻይ ጋር የሚሰጧት ዓይነት። እኔ ሻይ በስኳር ጠጥቼ አላውቅም።

አንዲት ሴት... የኔን ኮት ለብሳ... ከባሌ ጋር... ሆቴል ሻይ ትጠጣለች?

ሳይጠየቅ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው። ልቤ ያን ቀን ነበር መንቃት የነበረበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ፎቶ። የቢሮው ሰገነት ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ። ፎቶ አንሺው አንዴ አነሳ፣ ካሜራውን አወረደ፣ ዓይኑን አጠበበ።

«ጉርዱ የሌላ ልብስ ነው እንዴ?»

«እንዴት ሆኖ! ከአንድ ጥቅል ነው የተቆረጠው።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ኮቱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ጉርዱ ወደ አረንጓዴ።»

አጎንብሼ አየሁ። እውነቱን ነው። ክፍል ውስጥ አንድ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት። ይሄ ጉርድ የኔ አይደለም! ሰፊው ያው፣ ልኩ ያው፣ ገበሩ ያው፤ ጨርቁ ግን የኔ አይደለም። ሰው የኔን ወስዶ የራሱን ሰቅሎልኛል።

አዘጋጇ «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አለችኝ። «ከልብሱ ጋር እንዲሄድ» አልኳት። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

«ቀጠሮ» ጋ ሄድኩ። ጉርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ይሄን ማን አሰፋ?»

«አንቺ ነሻ።»

«ቀጠሮ!»

«አይገጥምም ብዬ ነበር እኮ፤ የዚያኛው ጥቅል አልቋል ብያለሁ...» አለና አፉን በመርፌ ዘጋ። በእውነት መርፌውን በከንፈሩ ያዘ፣ ላለመናገር!

«ለማን ነው ያልከው? ባሌ ነው የመጣው?»

መርፌውን አወጣ። «እኔ ልብስ ነው የምሰፋው እንጂ የሰው ትዳር አልተረትርም።»

እንዲህ ካለ በኋላ ምን ቀረ? እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። መንገድ ላይ በየመስታወቱ ጥቁር ሰማያዊ የለበሰች ሴት አየሁ። ሁሉም እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ለእማዬ ነገርኳት። ሌላ ለማን ልንገር? ኮቱን፣ ስኳሩን፣ ጉርዱን፣ «አንቺ ነሽ?» ማለቱን... ሁሉንም። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ከሱ ራስ ውረጂ» አለችኝ። «እንደሱ ያለ ባል የለም።»

የኔ እናት! ለአማች ተሟጋች! ትናንት «ምላሱን ድመት በላችው» ስትለው አልነበረም?

«እንግዲያው ተሳስቼ ከሆነ አስረጂኝ። ልክ ከሆንኩ ግን አንቺን ይዤ እወጣለሁ። እኔና አንቺ ቤት እንከራያለን።»

ፊቷ አመድ መሰለ። እጄን ያዘች። አፏን ከፈተች... ዘጋች።

«እስከ ማክሰኞ ታገሺኝ።»

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«ታገሺኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

እራት ላይ ባሌ እሷን አየ፣ እሷ ጨው ማስቀመጫውን አየች። እሷም ታውቃለች። እናቴ ታውቃለች፤ ትደብቅለታለች! በገዛ ቤቴ እኔ ብቻ ነኝ እንግዳ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ልጻፈው። ከመጀመሪያው።

ከምሳ በኋላ ቢሮ «አሞኛል» አልኩና ከባሌ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ጫማ ጠጋኙ ዳስ ጀርባ ቆምኩ። ባሌ ወጣ። በሩን ቆለፈ። ዣንጥላ ይዟል። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሄዶ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ... እና ካፖርቴ ወረደ።

ካፖርቴ! በሴት ጫንቃ ላይ! ጀርባዋን ነው የማየው፤ ራሷን በሻርፕ ሸፍናለች። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ እንደ ወጣት። ባሌ ዣንጥላውን ዘረጋላት፣ ቦርሳዋን ተቀበላት። የኔን ቦርሳ እንኳ ተቀብሎኝ አያውቅም። ጥጉን ዞሩና ሆቴል ገቡ።

ትቼ ልመለስ? ካየሁ በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም። ካላየሁ ግን... አንጀቴን አስሬ መንገዱን ተሻገርኩ። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ በቃል ይዤዋለሁ። መስታወቱን በር ገፋሁ።

ባሌ አበባ ማስቀመጫው አጠገብ ቆሞ ዣንጥላውን ያጥፋል። ሲያየኝ ዣንጥላው ከእጁ ወደቀ። ሴትዮዋ የለችም።

«የታለች?»

ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ።

«ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማንን ላገናኝልዎ?»

ጥቁር ሰማያዊ ኮት። ስለት የሚመስል እጅጌ። ጆሮዋ ላይ የስልክ ማዳመጫ። እማዬ።

አየችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ብላ አገናኘች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ የገዛ እናቴ፣ በአንቱታ፦

«እንኳን ደህና መጡ። በምን ልርዳዎት?»

አጠገቧ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል፤ ክራባት ያሰረ፣ ብዕሩን የሚያሽከረክር ሰው። እኔን አየ፣ እሷን አየ። «ያውቋቸዋል እንዴ?» አለኝ። «ዛሬ የሙከራ ጊዜያቸው ያበቃል፤ አስተያየት ካለዎት ደስ ይለኛል።»

ማክሰኞ ምን እንዳለ ገባኝ።

እማዬ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። ልመናም አልነበረበትም። ልክ ልጅ ሆኜ ጠርሙስ ሰብሬ ስደበቅ እንደምታየኝ... አሁን ግን ጠርሙሱ የሷ ነው፣ እጄ ላይ ያለው። አንዲት ቃል ብናገር፣ «እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ብል፣ ቤተሰብ ጠብ እንደገባበት አይቶ ይሸኛታል። ቤት ትገባለች። ከግድግዳው ጋር።

በቃል የያዝኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ስልክ ደውዬ ነበር» አልኩ። «የመለሱልኝ ሴትዮ ድምፅ ጆሮ የሚያሳርፍ ነው... ማን ናቸው ብዬ ላያቸው ነው የመጣሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «ብዙ ሰው እንዲህ ይለናል።»

«ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ እመቤት» አለች እናቴ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ወደሱ ዞረች። እኔና ባሌ በአንድ ዣንጥላ ወጣን። ዝናብ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሁሉም ተነገረኝ። በየተራ፣ እየተሻሙ።

ሆቴሉ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ከራስ ይዞ መምጣት የግድ ነው ብሏታል። ሞላ ያለ ቁምሳጥን ደግሞ አጠገቧ አለ። «አንቺው ጻፍሽው እኮ፤ የቱን እንደለበሱ ማንም አያውቅም ብለሽ።» ጠረጴዛ ላይ የተውኩትን ረቂቅ ማንበቧንም ያወቅኩት ዛሬ ነው።

«ጉርዱስ?»

«በካውያ አቃጠልኩት። አዲስ አሰፋሁልሽ። ጨርቁ ያው መስሎኝ...»

«ስኳሩስ?»

«ሻይ ይሰጡናል። አንቺ ከልክለሽኝ የለ? ሳልጨምር ኪሴ ከተትኳት፤ ረሳኋት።» ሳይጨምሩ ኪስ ለመክተት ስኳር የሚያነሳ ሰው የት አለ? ይሁን፣ አለፍኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። 'ሰው ምን ይላል' አልሽኝ። ከቀጠሩኝ በኋላ ብነግርሽ ግን የሚባለው ሁሉ አብሮ ያልፋል ብዬ ነው። ቅዳሜ እወጣለሁ ስትዪ ግን... ልናገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።»

«አንተስ? አንተ እንዴት አወቅክ?»

ባሌ ወለሉን አየ። እማዬ ጣሪያውን። ማን ይናገር?

ለካ ጉሮሮውን መጥረግ በጀመረበት በዚያ ማክሰኞ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ሲያልፍ ያያል። ከኋላ ይከተላል። ወገቧን ያዝ ያደርግና...

«ምን አልክ?»

«ተይኝ።»

«ምን አለሽ፣ እማዬ?»

«'ሆዴ፣ ዛሬ ማን አሳመረሽ?' አለኝ» አለች እናቴ፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ዞር ስል ልጁ መሬት ገብቶ ነበር። 'ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ እማማ' እያለ የኔን ሳይሆን የመብራት ምሰሶ እጅ ይስማል!»

መነጽር ቤት ያለው ሰው! አማቱን ከሚስቱ የማይለይ! ለሰው ዓይን ይለካል!

ከዚያ ወዲህ ነው «አንቺ ነሽ?» የመጣው። ሁለቱም ተማማሉ፤ እሷ የሱን አትናገር፣ እሱ የሷን። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ከፌርማታ እየተቀበለ ያደርሳታል። እንዳትደክም ብሎ። እኔ እንደ እንቁላል የያዝኳትን እሱ እንደ ሰው ያዛት። ይሄን ለራሱ አልነገርኩትም። ይኩራራል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ቁምሳጥኑን እንደገና ከፈልነው። ከጥቁር ሰማያዊው ግማሹ ወደ እማዬ ክፍል ገባ፤ አረንጓዴ ያደላችው ጉርድም አብራ ሄደች። ለኔ የቀረው ለሥራ ይበቃኛል፤ የአንገት ልብስ ግን ቀይ ጨምሬበታለሁ፣ ባሌ እንዲለየኝ። አሁንም ግን ይጠርጋል፣ ጉሮሮውን። ልማድ ሆኖበታል።

ጽሑፌን አስረከብኩ። የመጨረሻውን መስመር ቀየርኩት፦ «እህቶቼ፣ አንድ ቀለም መልካም ነው፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ልካችሁን የምትጋራ ሴት ካለች መጀመሪያ ጠይቋት፤ ምን ልልበስ ሳይሆን የት ልሂድ እያለች ይሆናል።» አዘጋጇ «ይሄ ስለ ልብስ ነው?» አለች። ቀዩን የአንገት ልብሴን አስተካከልኩ።

እማዬ ማታ ማታ ስለ ደዋዮቿ ታወራለች። በጠዋት ቀስቅሱኝ የሚል፣ ክፍሉን የሚረሳ... አንድ ሰውዬ ደግሞ አለ። እሷ በምትገባበት ቀን ሁሉ ይደውልና «ቁርስ በስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ሆቴሉ ውስጥ አያድርም፤ እዚሁ ሰፈር ነው ቤቱ።

«ታዲያ ለምን ይጠይቃል?» አልኳት።

«ጆሮው ይደክም ይሆናል» አለችኝና ሻይዋን አማሰለች። ያለ ስኳር ሻይ ምን ይማሰላል?

ዛሬ ቀትር ላይ ደግሞ፣ ክፍሌ በር ላይ ቆማ፦

«ቢጫ ቀሚስሽን ነገ ትሰጪኛለሽ?»

«ነገ እሑድ ነው። ሥራ የለሽም።»

«ቁርስ ተጋብዣለሁ።»

«በማን?»

«ሰዓቱን በመጨረሻ ባወቀ ሰው።» ቀሚሷን ከመስቀያው አወረደች፣ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ መስታወት አየች፣ ወጣች።

ባሌን አየሁት። ወለሉን አየ። «ታውቃለህ አይደል?» አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ!

አልከተላትም። እምላለሁ፣ አልከተላትም፤ ካንዴ ተምሬያለሁ። ቀሚሷን ግን ስትመለስ እኔ ነኝ የምሰቅላት። ኪስ አላት። ነገ ከሰዓት ኪሷ ውስጥ ያገኘሁትን፣ ስኳርም ይሁን ሌላ፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።